አንድ መጽሐፍ ይበቃል ወይስ ብዙ መንገድ ማየት? መንፈሳዊ መንገዳቸውን ለሚመርጡ

ይህን ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ።

አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች። "አጎቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ ባነብ ብዙ ነገር አያመልጠኝም?" አለችኝ። ሁለተኛው አብሮ አደጌ ነው፤ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ሱቅ አለው። ያላነበበው የለም። የሕንዶቹን፣ የቻይናዎቹን፣ የሱፊዎቹን ግጥም፣ ሁሉንም ቀማምሷል። አንድ ማታ ሱቁን ዘግተን ሻይ ስንጠጣ፣ "አቦ፣ ስለ ሁሉም ማውራት እችላለሁ። መስገድ ካቆምኩ ግን ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሁለቱም የጠየቁት ከልባቸው ነው። እኔም ከልቤ ልመልስ። ሰባኪ አይደለሁም፣ ኡስታዝም አይደለሁም። ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ፣ በሁለቱም መንገድ የሄድኩ፣ በአንዱ ላይ ደግሞ ክፉኛ የወደቅኩ ሰው ነኝ። የምጽፈው ለሁለቱ ነው፤ እንደ እነሱ ልቡ ለተከፈለም ሰው ሁሉ።

ምርጫው በትክክል ምንና ምን ነው?

"አንድ መጽሐፍ" ሲባል ጠባብ ነገር ይመስላል። አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው፤ በፕሮቴስታንቱ 66። ውስጡ ሕግ አለ፣ ታሪክ አለ፣ የፍቅር መዝሙር አለ፣ እንደ ኢዮብ ፈጣሪን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው አለ። ቁርኣን 114 ሱራ አለው፤ የወረደው በ23 ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። የስደት ጊዜ ቃል አለበት፣ የድል ጊዜ ቃል አለበት፣ የወላጅ አልባ ልጅ ጉዳይ፣ የሚዛን ጉዳይ፣ የውርስ ጉዳይ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጨረስኩት የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

"ብዙ መንገድ ማየት" የሚለው ደግሞ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የራስ ቤት ኖሮ የሌላውን ቤት በእንግድነት መጎብኘት ነው። ሁለተኛው ቤት ሳይኖር መዞር ነው። ሰዎች ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው እያወራ ነው። ለዚህ ነው የማይግባቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ልናገር። "ሁሉም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል" የሚለው አባባል ገለልተኛ አቋም ይመስላል። ግን ራሱ ትምህርት ነው። በጥንታዊው የሂንዱዎች መጽሐፍ፣ በሪግ ቬዳ፣ እውነት አንድ እንደሆነና ጠቢባን በተለያየ ስም እንደሚጠሩት የሚናገር ቃል አለ። ትልቅ ቃል ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጽሐፋቸው የሚላቸው ይህን አይደለም። ስለዚህ "ሁሉም ያው ነው" የሚል ሰው ከምርጫው በላይ የቆመ ሊመስለው ይችላል፤ እሱም ግን መርጧል። ምርጫውን አውቆ ይምረጠው።

አንድ መጽሐፍ የሚሰጠው

አያቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አንድ ዳዊት ነበራቸው። ማኅደሩ ቆዳው ነትቦ፣ ጠርዙ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበት። በቀን ተከፍሎ ነው የሚደገመው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። እሑድ የነቢያት መኃልይ ነው። መዝሙር 50፣ ያ "ተሣሃለኒ" የሚለው የንስሐ መዝሙር ያለበት ገጽ፣ ታችኛው ጥግ ከጣታቸው ብዛት ጥቁር ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ዳዊት ሳስብ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ምዕራፉን የሚመርጠው ቀኑ እንጂ አያቴ አልነበሩም።

ከወንድማቸው ጋር በቤት ጉዳይ ተጣልተው ነበር። ለዓመታት አይነጋገሩም። ሰኞ በመጣ ቁጥር ግን መዝሙር 14 አለ። "አቤቱ፣ በድንኳንህ ውስጥ ማን ያድራል?" ብሎ ይጀምርና በባልንጀራው ላይ ክፋት የማያደርገው ነው ብሎ ይመልሳል። አያቴ ያን ገጽ መዝለል አይችሉም። ደስ የሚላቸውን ብቻ የሚመርጡ ቢሆን ኖሮ ዘልለውት ያልፉ ነበር። ስንት ሰኞ እንዳለፈ እንጃ። አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሲመለሱ ከወንድማቸው ጋር ነበሩ። አያቴ ምንም አላብራሩም፤ ቡና ይፈላ ብቻ አሉ።

አንድ መጽሐፍ የሚሰጠው ዋናው ነገር ይህ ነው እላለሁ። እምቢ የሚላችሁ ነገር ይሰጣችኋል። እናንተ ያልመረጣችሁት ቃል፣ ባልፈለጋችሁት ቀን፣ እየተመላለሰ ደጃችሁን ይመታል።

ሁለተኛው ስጦታ መብራት ሲጠፋ ነው የሚታወቀው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የድሬን ሰው ሲወስድ ከ200 በላይ ነፍስ ነው የጠፋው። ጎርፉ እኛን አልነካንም፤ ጎረቤታችን ቤት ግን ሐዘን ገባ። ድንኳን ተጣለ። ማታ መብራት ሄደ። አያቴ ዓይናቸው በቀንም ደክሟል፤ በጨለማው ግን ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡት ጀመር። ትንሽ ቆይተው ከድንኳኑ ሌላ ጥግ ሀጂ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ከቁርኣን ሱረቱ ያሲንን በቀስታ ይቀሩ ጀመር። አንዱ ሌላውን አልሸፈነም። ሟቾቹን ያጣችው እናት እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያላለቀሰች ነበረች። ያኔ አለቀሰች።

ሁለቱም ሽማግሌዎች መጽሐፍ ገልጠው አልፈለጉም። ቃሉ ውስጣቸው ነበር። ይህ የሃምሳ ዓመት ድግግሞሽ ውጤት ነው፤ በአቋራጭ አይገኝም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ በድሮው የቁርኣን ትምህርት ልጁ የሚጻፍለት ሉህ ላይ ነው፤ የእንጨት ሰሌዳ። ከቢሩ፣ መምህሩ ማለት ነው፣ የጻፈለትን በቃሉ እስኪይዝ ይቀራል። ሲይዘው ሰሌዳው ይታጠባል፤ ቀጣዩ ይጻፋል። ካልያዘው አይታጠብለትም። ይህን አሠራር ባሰብኩ ቁጥር ስልኬን አስታውሳለሁ። ስልክ ላይ ምንም ሳትይዝ ታልፋለህ፤ ጣትህን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከጠቀሳቸው ነገሮች መካከል 82 መስጊዶችና 102 የአዋች፣ የቅዱሳን ሰዎች መታሰቢያ፣ ቦታዎች አሉ። ያ ሁሉ የበቀለው ከአንድ መጽሐፍ ነው። አንድ መጽሐፍ አእምሮን ያደርቃል ለሚል ሰው መጀመሪያ ጀጎልን አሳየዋለሁ።

አደጋውንም ልናገር፣ አለ። ብዙዎቻችን አንድ መጽሐፍ አለኝ ስንል በእውነቱ ያለን አንድ ሰባኪ ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አላነበብነውም፤ የዩቲዩቡን ሰው ግን ሁሌ እንሰማዋለን። እሱ የሚወዳቸውን ሃያ ጥቅሶች እናውቃለን፤ እሱ የሚጠላውን ሰው እንጠላለን። ይህ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ሰፈር ያለ በሽታ ነው። መጽሐፉ ጎረቤትን የመምቻ ዱላ ሲሆን ያየነው ከእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ነው። መድኃኒቱ ብዬ የማምነው ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን፣ ከአዋቂ ጋር ማንበብ ነው።

ብዙ መንገድ የሚሰጠው፣ የሚወስደውም

አያቴ ካረፉ በኋላ እኔ መጽሐፍ መፈለግ ጀመርኩ። በቅን ልብ ነበር የጀመርኩት። ባገቫድ ጊታን አነበብኩ፤ 18 ምዕራፍ፣ 700 ስንኝ ነው፤ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የቡድሂስቶቹን ዳማፓዳ አነበብኩ፤ 423 አጫጭር ስንኞች። ዳዎ ደ ጂንግን አነበብኩ፤ እሱም 81 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፣ ቁጥሩ ከእኛ ጋር መገጣጠሙ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅም አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። ጊታ "ሥራህን ሥራ፣ ፍሬው ላይ ግን አትጣበቅ" የሚለው ትምህርቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከብዙ ንዴት አድኖኛል። ዳማፓዳ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም ይላል፤ ያን ካነበብኩ በኋላ "ጠላቶቻችሁን ውደዱ" የሚለውን የወንጌል ቃል እንደ አዲስ ሰማሁት። ስንት ዓመት በጆሮዬ አልፎ ነበር። የራስን ቤት ለማየት አንዳንዴ ከጎረቤት በረንዳ ላይ መቆም ይጠቅማል።

ከዚያ ግን መንሸራተት መጣ። ከእያንዳንዱ የሚጥመኝን ወሰድኩ። የሚከብደኝን ተውኩ። የሱፊዎቹን የፍቅር ግጥም ወደድኩ፤ ገጣሚዎቹ በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱ ረሳሁ። የቡድሂስቶቹን ጸጥታ ወደድኩ፤ ከመጠጥ ራቁ የሚለውን ሥርዓታቸውን አላየሁም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጾምኩም። ማንም እምቢ አላለኝም። እምቢ የሚለኝ እንዳይኖር አድርጌ ነበር ያሰናዳሁት።

ከዚያ እናቴ ታመመች። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ መጸለይ ፈለግኩ። አፌን ከፈትኩ። ጥቅስ ሞልቶኛል፤ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ጸሎት ግን አንድም አልመጣልኝም። የአያቴን ድንኳን ያስታወስኩት ያኔ ነው። እናቴ ተርፋለች፣ ተመስገን። ያቺ ሌሊት ግን ከውስጤ አልወጣችም።

አብሮ አደጌ "የቱ ጋ እንደጠፋሁ አላውቅም" ሲለኝ የገባኝ ለዚህ ነው።

የድሬ ልጅ ቋንቋ የሚማርበት መንገድ

እዚህ ላይ ከድሬ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ የኔ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ብዙ ሃይማኖት ማጥናት ያምታታል የሚሉ ሰዎች አሉ። የድሬ ልጅ ግን በሰባት ዓመቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሲያቀላጥፍ እናያለን። አይምታታበትም። ለምን? እያንዳንዱ ቋንቋ ሰው አለው። ሶማልኛው የባለ ሱቋ እናት ነው። ኦሮምኛው የአያቱ ወይም ከፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጠዋ ሴትዮ። አማርኛው የሰፈሩና የክፍሉ ልጆች። ልጁ ሶማልኛ አይማርም፤ የጎረቤቱን እናት ነው የሚያናግረው። ቃል ሲያበላሽ ታርመዋለች፣ ትስቅበታለች፣ ዳቦ ትሰጠዋለች።

በስልክ አፕ ቋንቋ የጀመረ ሰውስ? ከአምስት ቋንቋ ሰላምታ ያውቃል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዝም ይላል።

ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ሰው ያለው ሃይማኖት ይገባል። ሰው የሌለው፣ ጥቅስ ብቻ የሆነ ሃይማኖት፣ ሰላምታ ላይ ይቀራል። ስለ እስልምና ከተነበበው ሁሉ ይበልጥ ያስተማሩኝ ሀጂ ናቸው፤ ሌሊት ተነስተው ለሱብሒ ሲታጠቡ የውሃው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። የቡድሂዝም ሰው ግን አልነበረኝም። መጽሐፉ ብቻ ነበረኝ። ለዚህ ነው ያልበቀለው እንጂ መጽሐፉ ጎድሎ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሦስት ቋንቋ የሚናገረውን የድሬ ልጅ ሳንቲም ሲቆጥር ስሙት። በአንዱ ነው የሚቆጥረው። ሲደነግጥ የሚጮኸው በአንዱ ነው። ያ ቋንቋ ቤቱ ነው፤ ሌሎቹን አያስወጣቸውም፣ ግን ቤቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ። ስትደነግጡ ወደ አፋችሁ የሚመጣው የትኛው ቃል ነው? "በስመ አብ" ነው? "ቢስሚላህ" ነው? "ጌታ ሆይ" ነው? እዚያ ነው ቤታችሁ። ምንም የማይመጣላችሁ ከሆነ፣ እንደ እኔ በዚያች ሌሊት፣ ሥራው ቤት መሥራት ነው። ጉብኝቱ ይደርሳል።

ሁለቱን ያጣመሩ ሰዎች

ምርጫው ሁልጊዜ ይህ ወይም ያ አይደለም። ቀደምቶቹ ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል።

በኛው የአብነት ትምህርት መምህሩ አንዱን ቃል ያነብና ይተረጉመዋል። ከዚያ "አንድም" ይላል፤ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። "አንድም" ይላል፤ ሦስተኛ። ተማሪው ሁሉንም ይይዛል። አንድ መጽሐፍ ነው፤ ንባቡ ግን ብዙ በር አለው። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ደግሞ የነነዌ ጳጳስ የነበረ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት ካልነበራት ከምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን። አባቶቻችን ከጎረቤት ቤት የመጣውን ጥበብ ተቀበሉ፤ መነኩሴው ሁሉ እንዲያነበውም አደረጉ።

የእጨጌ ዕንባቆም ነገር ከሁሉ ይገርመኛል። ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ያደጉ፣ በኋላ የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ፣ እጨጌ፣ የሆኑ ሰው ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ለኢማም አሕመድ፣ ከሐረር በኩል ለዘመቱት፣ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሙግት ነው፤ ግን የሌላውን መጽሐፍ፣ ቁርኣኑን፣ በሚገባ አውቆ የሚሞግት ነው። እኚሁ ሰው በ1553 እ.ኤ.አ. የበረላምንና የየዋስፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነው ልዑል ታሪክ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነስቶ፣ በዐረብኛ አልፎ፣ ገዳማችን ገባ። አንድ መጽሐፍ የያዙ ሰዎች መስኮታቸው ክፍት ነበር።

ኢማም አል-ገዛሊም አሉ። በባግዳድ ትልቁ መምህር ሳሉ የነገረ መለኮቱን፣ የፈላስፋዎቹን፣ የባጢኒያዎቹን (የስውር ትርጉም ተከታዮቹን) እና የሱፊዎቹን መንገድ አንድ በአንድ መረመሩ። በ1095 እ.ኤ.አ. ወንበራቸውን ጥለው ወጡ። የመረመሩት ግን ሶላታቸውን ትተው አልነበረም። ጋንዲም ቢሆኑ የተራራውን ስብከት ይወዱ ነበር፤ በጸሎታቸው ላይ የሌሎችን ቅዱሳት መጻሕፍት ያስነብቡ ነበር፤ የዕለት መጽሐፋቸው ግን ጊታ ነበር፣ ሂንዱ ሆነውም ነው የሞቱት።

በሌላ በኩል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤንጋል የነበሩት ራማክሪሽና የእስልምናንና የክርስትናን ጸሎት ተራ በተራ ኖረው ለማየት ሞክረዋል። እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ግን እሳቸው እያንዳንዱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገቡ፤ እንደ እኔ ከዳር ሆነው አልቀመሱም።

የሐበሻውን ንጉሥ ደግሞ ማንኛችንም አንረሳም። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ከመካ ተሰደው ከመጡት ሙስሊሞች አንዱ ጃዕፈር ሱረቱ መርየምን ሲቀራለት ንጉሡ እስኪያለቅስ ሰማው፤ ስደተኞቹንም አልሰጠም። የሌላውን ቃል እንዲህ መስማት የሚቻለው መጀመሪያ የራሱን ቃል የሰማ ልብ ሲኖር ይመስለኛል።

ታዲያ እናንተ የትኛውን ትምረጡ?

የራሳችሁን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ አንዱን ምረጡ። አልጠራጠርም። የእህቴን ልጅ ያልኳት ይህንኑ ነው። "ያመልጠኛል" ብላ የምትፈራው ነገር ገና በእጇ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ያልገለጠችው ገጽ ነው።

በራሳችሁ ሃይማኖት ውስጥ የተጎዳችሁ ሰዎች ግን ሌላ ናችሁ። የሃይማኖት ልብስ የለበሰ ሰው ያቆሰለው ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ የዚያን ሰው ድምፅ ነው የሚሰማው። "ዝም ብለህ አንብብ" አልላችሁም፤ ጭካኔ ነው። ትንሽ ራቁ። የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ እፎይታ ከሰጣችሁ አንብቡ። ስትመለሱ፣ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ በኢዮብ ወይም በመዝሙራቱ በኩል ግቡ። እዚያ የሚያለቅስና የሚቆጣ ሰው አለ፣ ማንም ዝም በል አይለውም። ሙስሊም ከሆናችሁ ሱረቱ ዱሓ አጭር ናት፤ ጌታህ አልተወህም፣ አልጠላህምም ትላለች።

ቤታችሁ ቅልቅል ከሆነስ? ድሬ ላይ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። አባት ሙስሊም፣ እናት ክርስቲያን፤ ወይም አያቶቹ በሁለት በኩል። ልጁ በዒድ እዚህ፣ በፋሲካ እዚያ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዘው ሲሄዱ ያየኋቸው ሙስሊም እናቶችም አሉ። ለእንዲህ ያሉ ወላጆች ያለኝ ምክር አንድ ነው። ሁለቱን አደባልቃችሁ ቀጭን ሾርባ አታድርጉለት። እናቱ የምታምነውን እናቱ ሙሉ አድርጋ ትንገረው፤ አባቱም እንዲሁ። ልጁ ልዩነቱን ያውቃል፣ ይችለዋል፤ ሦስት ቋንቋም ችሎታል። የሚጎዳው ልዩነቱ ሳይሆን አንዱ ወላጅ የሌላውን መጽሐፍ ሲያንቋሽሽ መስማት ነው። የምጠጋበትን ልምረጥ ብሎ ራሱ የሚመጣበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ሁለታችሁም አታልቅሱበት።

ሥር የሰደዳችሁ ሰዎች፣ ጸሎታችሁ የጸና፣ ሂዱ እዩ። እኔ ለእናንተ አልፈራም።

እንዴት ይጀመራል?

አንዱን መጽሐፍ ለመረጠ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰፊው የተሰራጨው የመዲና ሙስሐፍ፣ የቁርኣኑ ቅጂ፣ 604 ገጽ ነው። ከአምስቱ ሶላት በኋላ አራት አራት ገጽ ማለት በወር ማኽተም፣ መጨረስ፣ ነው። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ ናቸው፤ በቀን ሦስት ወይም አራት ከተነበበ በዓመት ያልቃል። 81ዱን ለሚያነብ መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ፣ ሌሎቹም ይጨመራሉ፤ ጥቂት ወር ጨምሩ። የጥሞና ሰዓታችሁን ከስልክ አርቁት። የምትጠሉት ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ እርሳስ ይዛችሁ ምልክት አድርጉ እንጂ አትዝለሉ። ምልክቱን ይዛችሁ ወደሚያውቅ ሰው ሂዱ። የንስሐ አባት ይሁን፣ ከቢር ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይሁን፣ "ይህ ከበደኝ" በሉ። ጥያቄ ስትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ሌላውን ለማየት የተነሳ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ይጎብኝ። ቢያንስ ሁለት ወር። ጥቅሱን ሳይሆን ሙሉውን ያንብብ፤ ጊታ ከሆነ 18ቱንም ምዕራፍ። በዚያ መንገድ የሚኖር ሰው ያግኝ። የሚያምነው ሰው ከጎኑ ሳይኖር ስለ አንድ እምነት ድምዳሜ አይስጥ። የሰውን ሥርዓት ለሙከራ አይንካ፤ ቅዱስ ቁርባን መቅመሻ አይደለም፣ ሶላትም የአካል ብቃት እንቅስቃሴ አይደለም። ጫማን አውልቆ፣ አስፈቅዶ፣ ጥግ ላይ መቀመጥ ይበቃል። በዚህ ሁሉ መካከል የራሱን ጸሎት አንድ ቀን አያቋርጥ። እኔን የጣለኝ ያ ነው።

አብሮ አደጌ ከፋቲሓ ጀመረ። ሰባት አንቀጽ ናት። ሁለተኛውን ሳምንት ዐማ ጁዝ፣ የቁርኣኑ መጨረሻ ክፍል፣ ላይ ነው ያለው፤ በልጅነቱ በቃሉ የያዛቸው አጫጭሮቹ ሱራዎች ሲመለሱለት ሱቁ ውስጥ ብቻውን እንዳለቀሰ ነገረኝ። የቻይናውን መጽሐፍ አልጣለውም። መደርደሪያው ላይ አለ።

የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥታለች። የአያቴን ዳዊት አውጥተን ማታ ማታ አብረን እናነባለን፣ እሷ ግዕዙን እያነበነበች፣ እኔ አማርኛውን። ባለፈው ሰኞ መዝሙር 14 ላይ ስንደርስ ቆም አለች። ታሪኩን ነግሬያት ነበር።

"ቅድመ አያቴ ባርኔጣቸውን ያደረጉት እዚህ ጋ ነው?" አለች፣ ሰሙ የደረቀበትን ጠርዝ በጣቷ እየነካች።